እግር እግሯን እያየ

አሬቲ ያን ቀን ጠዋት መቀመጥ አቃታት። ወንበሩ ላይ ቁጭ ትልና ብድግ ትላለች፤ መስኮቱን ከፍታ መልሳ ትዘጋዋለች፤ ጫማዋን ታወልቅና ታጠልቃለች። የእመቤታችን በዓል ነው። ቅዳሴው አልቆ ከታች ከአደባባዩ ወንበር ሲጎተት፣ ሕፃን ሲቆጡት፣ ሰው ከሰው ሲሳሳም ይሰማል። የግሪኳ ተራራማ መንደር የቭሪሲ ሰው፣ ከአቴናም ከጀርመንም የመጣው ሳይቀር፣ ዛሬ ከትልቁ ዛፍ ሥር ተሰብስቦ ይጨፍራል። እሷ ግን ጠረጴዛዋ ላይ የተዘረጋውን ነጭ ወረቀት እያየች ክፍሏ ውስጥ ትንቆራጠጣለች። ሰሞኑን አንዲት መስመር እንኳ አልወጣላትም።

አሬቲ ደራሲ ናት። ልቦለዷ አቴና በሚታተም መጽሔት ላይ በየሳምንቱ ይወጣል። የቭሪሲ ሴቶች በግልጽ ያነቡታል፤ ወንዶቹ “እኛ እንዲህ ያለ ነገር አናነብም” ይላሉ፤ ነገር ግን ማን ማንን እንደከዳ፣ ማን እንደሞተ ጠይቋቸው፣ አንድም አይስቱም።

የአጻጻፏ መላ የራሷ ነበር። እሷ ሰው አይታ አትጽፍም፣ ሰምታ ነው የምትጽፈው። ላምብሮስ የሚባል ክላርኔት ነፊ አለ። እሱ ይነፋል፣ እሷ ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች፣ ከዜማው ውስጥ ሰው ይመጣላታል። ድምፁ ዝቅ ብሎ ሲጎተት የቤት ቁልፍ የጠፋባት መበለት ትመጣለች። ሽቅብ ወጥቶ ሲሰበር ባቡር ጣቢያ የቀረች ሚስት ትመጣለች። አንድ ጊዜ ላምብሮስ አዲስ የአፍ ሸምበቆ ሲሞክር “ጢጥ” አለበት። ከዚያች ጢጥ አንድ ስስታም ጠበቃ ተወለደና አንባቢውን አንድ ክረምት ሙሉ አሳቀው።

የሚገናኙት ከድልድዩ አጠገብ፣ ሥራ ባቆመው ወፍጮ ቤት ውስጥ ነበር። ሲጀመር እሱ ለመንፋት፣ እሷ ለመስማት ነው። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ፣ ሦስት ዓመት ሳይታወቃቸው ወሰዳቸው። አንድ ቀን ዜማው አልቆ ሁለቱም ለመሄድ ሳይነሱ ቀሩ፤ ከዚያ ወዲያ የሆነውን አንባቢዬ ያውቀዋል።

ግን ሙዚቀኛ በዚያ አገር የሌላውን ሠርግ ያደምቃል እንጂ ከሌላው ጋር አይጋባም። ቤታቸው ከድልድዩ ማዶ ነው። በበዓል ቀን እንኳ ማዕዳቸው ተለይቶ ከዛፉ ጀርባ በጠባቧ ጠረጴዛ ይቀርብላቸዋል። የአሬቲ አባት አፖስቶሊስ ደግሞ የጣውላ ነጋዴ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ጣራ በገንዘቡ ያሠራ፣ ጭፈራ ሲጀመር ቀዳሚውን መሀረብ የሚይዝ ሰው ነው። “አዝማሪ” የሚለውን ቃል ሲጠራ ክፋት የለበትም። እንደ “በሬ” ወይም እንደ “በግ” ያለ የአንድ ነገር ስም አድርጎ ነው የሚጠራው። ይህ ከስድብ ይብስ ነበር።

አሁን በሩን ሳያንኳኳ ገባ፤ አዲስ ሸሚዝ ለብሷል።

“አሁንም እዚህ ነሽ? ሰው ሁሉ ወጥቷል እኮ።”

“እመጣለሁ አባባ።”

“ከኛ ጠረጴዛ መኔላዎስ ይቀመጣል። እናቱን ይዞ ከያኒና ከተማ መጥቷል።”

“ባለ መድኃኒት ቤቱ?”

“ምነው? ሰውዬው ጨዋ ነው፤ አይጠጣም፣ አይጮህም። እናቱም እጇን የምትስም ምራት ትመኛለች።” አባቷ ወደ ባዶው ወረቀት አየና ድምፁን አለዘበ። “ልጄ፣ ያን ሁሉ ሰው መጽሔት ላይ ስታጋቢ ራስሽን ረሳሽ እኮ።”

“አላጋባሁም” አለች አሬቲ። “ገደልኩት።”

አባቷ ምን እንዳለች አልገባውም፣ ትከሻውን ነቅንቆ ወጣ። እሷ ግን የተናገረችው ቃል አፏ ውስጥ ቀረባት፤ ልክ ነፍስ ያጠፋች መሰላት።

የገደለችው በልቦለዷ ውስጥ ያለውን ክላርኔት ነፊ ነበር። የባለጸጋ ልጅ ወደደ፤ ልጅቱም ወደደችው። አንባቢ ሁሉ ምን ይሆን ብሎ ሲጠብቅ በአንድ የክረምት ቀን ተራራውን ሲሻገር በረዶ ዋጠው። የመንደሩ መምህር ይህን ክፍል ቡና ቤት ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው፣ ላምብሮስም ከበሩ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ አሬቲ ይህን የሰማችው ከሁሉ በኋላ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ላምብሮስ ወፍጮ ቤት አልመጣም፣ የእሷም ጆሮ ጭር አለ። እሱ ሲነፋ የቀዳችውን ካሴት ብታጫውት እንኳ ማንም ሰው አይመጣላትም። ቤቱ ጠበባትና መሀረቧን አንስታ በጓሮ በር ወጣች።

ላምብሮስን ምንጩ ዳር አገኘችው። ነጭ ሸሚዙን እጅጌውን ሰብስቦ፣ የክላርኔቱን መጋጠሚያዎች በሰም እያሸ፣ የአፉን ሸምበቆ በምላሱ ያርሳል።

“ላምብሮስ።”

አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ ሰላም አላት እንጂ ሸምበቆውን ከአፉ አላወጣም።

“አውጣውና አናግረኝ።”

“ካልራሰ አይነፋም” አለ በጥርሱ መሃል።

“እስካሁን አንድ ወንዝ ጠጥቷል።”

ሸምበቆውን አወጣው። “እሺ። ዛሬ ማንን ልውለድልሽ? መበለት ነው የሚያስፈልግሽ? ቄስ?”

“እንዲህ አትበለኝ።”

“ታዲያ ምን ልበልሽ? የሞተ ሰው ብዙ ያወራል እንዴ?”

“ልቦለድ ነው እኮ! ሰውዬው አንተ አይደለህም።”

“አይደለሁም?” ሳቀ፤ ሳቁ ደስ አይልም። “ክላርኔት ይነፋል፣ ከድልድይ ማዶ ይኖራል፣ ሲሄድ ግራ ትከሻው ይወርዳል። ፀጉር አስተካካዩ ‘ነፍስህን ይማር’ አለኝ፤ በቁሜ! አጎቴ ዚሲስ ቫዮሊኑን ጥሎ በሳቅ መሬት ላይ ተንከባለለ። ‘እየነፋ ዓይን ዓይኗን አያት’ ብለሽ ጽፈሻል አይደል?”

“ምን አጠፋሁ?”

“ክላርኔት ነፊ ዓይን አያይም፣ አሬቲ። እግር ነው የሚያየው። የሚጨፍረው ሰው እግሩን ሲጥል ጥሎ፣ ሲያነሳ አንስቶ ነው የሚነፋለት። ቀና ብሎ ዓይን ያየ ቀን ይስታል። ይሄን ሕፃን ልጅ ያውቃል።” ክላርኔቱን ጭኑ ላይ አጋደመው። “ሦስት ዓመት ዓይንሽን ጨፍነሽ ሰማሽኝ። አንድ ቀን ገልጠሽ ብታዪኝ ኖሮ ወዴት እንደማይ ታውቂው ነበር።”

አሬቲ ፊቷ ጋለ። መልስ ፈለገች፤ ያገኘችው መልስ ግን የፈሪ መልስ ነበር።

“አንባቢ እንዲያለቅስ ብዬ ነው።”

“አልሸሹም ዞር አሉ! አንባቢ አይደለም። ነገሩን አስቢው እስቲ። አባትየው ሰውዬውን አላባረረውም። ልጅቱም እምቢ አላለችም። ማንም ምንም ሳይወስን በረዶ መጣና ሁላችሁንም ገላገላችሁ።” ድምፁ ወፈረ። “በወረቀት ላይ እንኳ ልታገቢኝ አልደፈርሽም። ወረቀት ላይ! እዚያ ማን ያይሽ ነበር? አባትሽ ገጹ ውስጥ ገብቶ አይጎትትሽ!”

ውሃው ይፈሳል። አሬቲ የመሀረቧን ጫፍ ታሽከረክራለች።

“እኔ የሰማሁትን ነው የምጽፈው” አለች በመጨረሻ። “አንተ ስትነፋልኝ ሠርግ ሰምቼ አላውቅም። ሙሾ ነው የምሰማው።”

“ሙሾ ነዋ! ሌላ ምን ለምነሽኝ ታውቂያለሽ? እሑድ እሑድ ሠርግ እነፋለሁ፣ ክርስትና እነፋለሁ፣ ሰው ጫማው እስኪቀደድ አስጨፍራለሁ። ወፍጮ ቤት ስመጣ ግን ‘ሙሾውን ንፋልኝ።’ ‘ያቺን የሙሾ ዜማ ድገምልኝ።’ ደግሞ ቁጭ ብለሽ ሐዘን ምን እንደሆነ ታስረጂኛለሽ፤ ለእኔ! ለቀባሪ አረዱት! ሦስት ዓመት ሙሾ ስታስነፊኝ ኖረሽ ብሞት ምን ይገርማል?”

እውነቱን ነው። ለምን እንደሆነም ታውቃለች። ትንሽ ልጅ ሳለች እናቷ በሞተች ዓመት፣ በዚሁ በዓል፣ የላምብሮስ አባት ከጭፈራው በፊት ለሙታን የሚነፋውን ሙሾ ነፋ። እናቷ ለመጨረሻ ጊዜ ወደ እሷ የመጣችው በዚያ ድምፅ ውስጥ ነበር። ከዚያ ወዲያ አሬቲ ክላርኔት ስትሰማ የምትፈልገው የሄደ ሰው ነው። አጠገቧ የተቀመጠ ሰው መፈለግ አልለመደባትም። ይህን ልትነግረው ፈለገች፤ እሱ ግን ቀደማት።

“አንድ ነገር ልጠይቅሽ” አላት ዝግ ብሎ። “ዝም ስል ታውቂኛለሽ? እኔ እኮ ካልነፋሁም ሰው ነኝ።”

አሬቲ ዓይኗ ጭኑ ላይ ወደተጋደመው ክላርኔት ሄደ። ንቃው አልነበረም፤ እሱ ግን ያን ማወቅ አይችልም።

“ሰኞ ወደ ጀርመን እሄዳለሁ” አለ ተነስቶ። “የአክስቴ ልጅ ምግብ ቤት አለው። ለናፈቀው ሁሉ እነፋለሁ። አንቺ ካሴቱ አለሽ፤ እሱ ይበቃሻል።”

“ይበቃኛል” ብላ ልትዋሽ አፏን ከፈተች። እሱ ግን ጀርባውን ሰጥቷት ነበር። ሲሄድ ግራ ትከሻውን ከኋላ አየችው፤ እንደጻፈችው ዝቅ ብሏል፤ ግን ከጻፈችው በላይ ደክሟል። እንዲህ ያለ ፍርሃት ይዟት አያውቅም።

ቤቷ ልትመለስ ነው ያሰበችው፤ እግሯ ግን ድልድዩን አሻገራት። ከወፍጮ ቤቱ አልፋ አታውቅም ነበር። በመጀመሪያው ግቢ ውስጥ የላምብሮስ እናት ቫሲሎ ሽርጧ ላይ ሽንኩርት ትከትፋለች። ስታያት ቢላዋው ከእጇ ሊወድቅ ነበር።

“የጌቶች ልጅ! ምን እግር ጣለሽ?”

“እኔም አላወቅሁት፣ እትዬ ቫሲሎ።”

ቫሲሎ በርጩማ አቀበለቻትና ዝም ብላ አየቻት። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ነገር ግን ማሽሞንሞን አታውቅበትም።

“ልጄን ተይልኝ” አለች። “ሰኞ ይሂድልኝ። ለሰው አገር መስጠቱን ችዬዋለሁ። አንቺ ቢከፋሽ ትጽፊዋለሽ፣ ይወጣልሻል። እሱ ማታ ማታ ክላርኔቱን ይፈታል፣ ይገጥማል፣ ይፈታል፣ ይገጥማል። አይነፋውም። እናት ይሄን ቁጭ ብላ ታየዋለች?”

አሬቲ እንባዋን ዋጠች። ከዚያ ራሷም ያልጠበቀችው ጥያቄ ከአፏ ወጣ።

“እትዬ ቫሲሎ፣ ከአባትዎ ቤት ተድረው ሲወጡ ምን ተነፋልዎ?”

ሴትዮዋ ሽንኩርቱን ረሳች። “ይሄን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም” አለችና ሳቀች። “ምንም አልተነፋ! አባቴ ነፊ፣ አጎቶቼ ነፊዎች። የሰውን ልጅ ከቤቷ ሲያስወጡ ኖረው የራሳቸው ስትወጣ ሁሉም አለቀሱ። እያለቀሱ ክላርኔት ይነፋል? ከንፈር እምቢ ይላል። ስለዚህ የሙሽራ መውጫዋን እኔው ለራሴ አንጎራጎርኩና እኔው ጨፈርኩ።”

“እስቲ አሁን ያንጎራጉሩልኝ።”

“እሷ እኮ እንዲሁ አትባልም። ለሠርግ ናት። ከተጀመረች ደግሞ አታቆሚያትም፤ ሙሽራ ከአባቷ በር ተነስታ፣ ዙሪያውን ጨፍራ፣ አማቷ ፊት ቆማ እጅ ስትስም ነው የምታልቅ። አማት እጇን ከሰጠች ልጅቱ የሷ ናት፤ ከዚያ ወዲያ ንጉሥም አይመልሳት።”

“በቀስታ ብቻ።”

ቫሲሎ ዙሪያዋን አየችና በአፍንጫዋ ጀመረች። አሬቲ እንደ ልማዷ ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች። መበለት አልመጣችም። ጠበቃም፣ የባቡር ጣቢያ ሚስትም አልመጣችም። ዜማው ግን ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ትንሽ ይቆማል፣ ደግሞ ይሄዳል። በዜማው ውስጥ ያለው ሰው የት ሄደ ብላ ዓይኗን ስትገልጥ የራሷን እግር አየች። የግራው ጫማ በአቧራው ላይ ቀስ ብሎ ይመታል።

“ምነው፣ እግርሽ አላርፍ አለ እኮ” አለች ቫሲሎ።

“ደህና ነኝ” አለች አሬቲ። ደህና አልነበረችም፤ ነገር ግን ጭንቀቷ መልክ ለውጧል፤ አሁን ወዴት እንደምትሄድ የምታውቅ ሰው ጭንቀት ሆኗል።

ከቀትር በኋላ አደባባዩ ሞላ። የፍየሉ ቅቅል ወጣ፣ አረቄው ዞረ። ከዛፉ ሥር ሙዚቀኞቹ ተቀመጡ፦ ላምብሮስ መሃል፣ አጎቱ ዚሲስ ቫዮሊኑን አገጩ ሥር ወሽቆ በቀኙ፣ አታሞ መቺው በግራው። ቫሲሎ ከኋላቸው ከጠባቧ ጠረጴዛ ጫፍ፣ ሽርጧን እንደታጠቀች። መጀመሪያ ሙሾው ተነፋ። ሰው ሁሉ የሞቱበትን እያሰበ አንገቱን ደፋ። አሬቲ ዛሬ ዓይኗን አልጨፈነችም። ላምብሮስ ሲነፋ የት እንደሚያይ አየች፦ ባዶውን መሬት፣ ኋላ የሚጨፈርበትን ሳይሆን ሙታን የቆሙበትን ቦታ እንደሚያይ ሰው አተኩሮ ያያል። ለካ ሙሾ ሲነፋም የሚፈልገው እግር ነው።

ከዚያ ጭፈራው ጀመረ። በቭሪሲ ጭፈራ በቤተሰብ ተራ ነው። ተራው የደረሰው ዘፈኑን ያዛል፣ ራስ ሆኖ መሀረብ ይይዛል፣ ነፊው ተነስቶ እግር እግሩን እያየ ይነፋለታል። ነፊ የታዘዘውን እምቢ አይልም። የታዘዘ ዘፈንም እስኪያልቅ ማንም አያቋርጠውም፤ በዚህ የተነሳ ድሮ ደም ፈስሷል።

ቀዳሚው አፖስቶሊስ ነው። ዕድሜው ቢገፋም እግሩ ገና ልጅ ነው። ጨፍሮ ሲያበቃ ልማዱን አደረሰ፦ የመቶ ድራክማ ኖት አውጥቶ በምራቁ አራሰና ላምብሮስ ግንባር ላይ ለጠፈ። ሰው አጨበጨበ። ላምብሮስ አመሰገነ፤ እጁን አላነሳም። አሬቲ ይህን ከልጅነቷ ጀምሮ ስታየው ኖራለች፣ በልቦለዷም ውስጥ እንደ ጌጥ አስገብታዋለች። ዛሬ የራሷ ግንባር እርጥብ የሆነ መሰላት።

“አሁን ያንቺ ተራ ነው” አለ አባቷ ላቡን እየጠረገ። “ምን ልዘዝልሽ?”

“እኔው አዛለሁ አባባ።”

መኔላዎስ ፈገግ አለ። እሱ በእውነት ጨዋ ሰው ነው፤ ለእሷ አስቦ አረቄዋ ላይ ውሃ ጨምሮላታል። አሬቲ በሆዷ ይቅርታ ጠየቀችውና ተነሳች። ሙዚቀኞቹ ፊት ቆመች። ላምብሮስ ጫማዋን ያያል፤ ኖቱ ግንባሩ ላይ ነው።

“የሙሽራ መውጫን” አለች።

አታሞ መቺው ሰማና እጁ አየር ላይ ቀረ። ዚሲስ “ማርያምን!” አለ። በጠረጴዛዎቹ መካከል ሹክሹክታው እንደ ነፋስ ሮጠ፤ ወዲያው ወደ ደስታ ተቀየረ፤ ሰው ሁሉ ወደ አፖስቶሊስ ጠረጴዛ ዞሮ ያጨበጭብ ጀመር። አባቷ ፊቱ በራ። የመኔላዎስ እናት ደንግጣ፣ ደስ ብሏት፣ ቀለበቶቿን አስተካክላ ቀኝ እጇን ጭኗ ላይ አዘጋጀችው።

ላምብሮስ ብቻ አልተነቃነቀም። ከኖቱ ሥር ፊቱ አመድ መሰለ።

“ይሄንንም እኔ ልንፋልሽ?” አላት፤ ከእሷ በቀር የሰማ የለም።

“ነፊ የታዘዘውን እምቢ ይላል?”

“አይልም።” ሸምበቆውን በምላሱ አራሰ። “አይልም፣ አሬቲ።”

ነፋ። እንዴትስ አድርጎ ነፋ! እሷን ለሌላ ሰው እየሸኘ መስሎት፣ ያለውን ሁሉ አውጥቶ፣ አንድ ሳያጎድል ነፋላት። አሬቲ ከአባቷ ወንበር ፊት ተነሳች፣ መሀረቧን ከፍ አድርጋ ዙሪያውን ጀመረች። እሱ ጎንበስ ብሎ ከጎኗ ይሄዳል፤ እግሯን ስትጥል ይጥላል፣ ስታነሳ ያነሳል። “ቀና በልና እየኝ” ብላ ልትጮህ ደረሰች። ግን ቀና አይልም፤ ይህን ሕፃን ልጅ ያውቃል። ስለዚህ ልትነግረው የምትችለው በአንድ መንገድ ብቻ ነበር።

ዙሪያውን ጨረሰች። የመኔላዎስ እናት ፊት ደረሰች። ሴትዮዋ እጇን አነሳች።

አሬቲ ጎንበስ ብላ ሰላምታ ሰጠቻት፤ አልቆመችም፤ አለፈቻት።

ሰው አልገባውም። የአንድ ሰው ጭብጨባ ብቻዋን ትንሽ ቀጥላ አፈረችና ቆመች። የአሬቲ እግር ጠረጴዛዎቹን አንድ በአንድ አልፎ፣ የዳኛውን፣ የመምህሩን፣ የሁሉንም አልፎ፣ ወደ ዛፉ ጀርባ ዞረ። ከሰው ሁሉ አስቀድሞ የገባው ላምብሮስ ነው፤ እግሯን የሚያየው እሱ ነዋ። ጫማዋ ወደ ጠባቧ ጠረጴዛ ሲቀና አየ። አንድ እርምጃ፣ ሌላ እርምጃ፣ በሙዚቀኞቹ በኩል፣ በእሱ በኩል።

ላምብሮስ ለአንድ አፍታ ቀና አለ፤ ክላርኔቱም ሳተ። በሰው ሁሉ ፊት፣ በበዓል ቀን፣ ሽቅብ የወጣው ድምፅ መሃል ላይ ተሰበረና ጸጥ አለ።

ዚሲስ አንገቱን እንኳ ሳያዞር ዜማውን ከወደቀበት በቫዮሊኑ አነሳው።

“አሬቲ!” አባቷ ቆሟል። ወንበሩ ከኋላው ወድቋል።

ዞር ብላ አየችው። ወደደችው፣ ፈራችው፣ አሳዘናት፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ።

“ዘፈኑ አላለቀም፣ አባባ” አለች።

አፖስቶሊስ አንድ እርምጃ ተራመደ፤ እዚያው ቆመ። የታዘዘ ዘፈን አይቋረጥም። ዕድሜ ልኩን በዚህ ሕግ ሲከበር ኖሮ ዛሬ ሊሽረው አቃተው። ዚሲስም ዘፈኑን ቶሎ የመጨረስ ሐሳብ ያለው አይመስልም፤ ጫፉ ላይ ሲደርስ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል።

አሬቲ ቫሲሎ ፊት ቆመች። ቫሲሎ ሁለት እጆቿን ሽርጧ ሥር ደብቃለች።

“አንቺ ልጅ፣ ምን እያደረግሽ ነው?” አለች በሹክሹክታ። “እጄ ሽንኩርት ነው።”

“ይሁን።”

“ይሸሹሻል። በዚህ ጠረጴዛ ነው የምትበዪው፤ ሁልጊዜ። ይሄ ወረቀት አይደለም፣ አትሰርዢውም።”

“አውቃለሁ፣ እትዬ ቫሲሎ።” አንድ እርምጃ ቀረበቻት። “ስሰርዝ ነው የኖርኩት። ሰለቸኝ።”

ቫሲሎ ልጇን አየች። ከዚያ የቆመውን ባለጸጋ አየች። የራሷን ሠርግ፣ ያልተነፋላትን ዜማ ያስታወሰች ይመስላል፤ ከንፈሯ ከቫዮሊኑ ጋር ያለ ድምፅ ይንቀሳቀስ ነበር። ቀኝ እጇን አወጣች፣ በሽርጧ ሁለቱንም ገጽ ጠረገችና ዘረጋች። አሬቲ ጎንበስ ብላ ሳመችው። እውነትም ሽንኩርት ነው። ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው፤ በሽንኩርቱ አሳበበች።

ቀና ስትል ላምብሮስ አጠገቧ ቆሟል። ክላርኔቱ በእጁ ተንጠልጥሏል። በሌላው እጁ የአባቷን ኖት ከግንባሩ ላጠው፣ ሳያጣጥፍ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ከዚያ ራሱን ቀስ ብሎ ቀና አደረገና ዓይን ዓይኗን አያት።

“ሳትክ እኮ” አለችው።

“ዓይን አይቼ ነዋ” አላት።

ክላርኔቱ ዝም እንዳለ ነው፣ ሰዉም ዝም ብሏል፣ ቫዮሊኑ ብቻ ከመጀመሪያው ይነሳል። አሬቲ ከዝምታው ውስጥ ሰው እስኪመጣላት አልጠበቀችም። ያለውን ሰው እጅ ያዘች።